ጅቡን ማን ጠራው? በየካና በእንጦጦ ግርጌ ለምንኖር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለ15 ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)



የዛሬው ጉዳያችን የሌሊት ጉዳይ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ድምፅ አብረን እንስማ።

(ድምፅ፦ የጅብ ጩኸት ከሩቅ፤ ሦስት ጊዜ። አጭር ፋታ።)

ሰማችሁት? ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጉራራ፣ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ከኮተቤ ወደ ተራራው ጥግ የምትኖሩ ሰዎች ይህን ድምፅ ማንም እንዲያስተዋውቃችሁ አትፈልጉም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሕፃኑን ቀስቅሶ ያስለቀሰባችሁ፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያስነሣባችሁ እሱ ነው።

አንዲት እናታችን ከእንጦጦ ግርጌ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል። «ልጄ፣ ጅቡ ድሮም ነበረ። አሁን ግን በራችን ድረስ ይመጣል። ምን አድርገነው ነው? ምንስ ይሻላል?»

እማማ፣ እናመሰግናለን። ምን አድርገነው ነው? ምንስ ይሻላል? የዛሬው ዝግጅት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ለማስታወስ እንዲቀል በአንድ ላይ አድርጌ፣ ጅቡን ማን ጠራው? እላለሁ።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

በጩኸቱ እንጀምር። ጅብ ለምን ይጮኻል?

በእኛ ሰፈር የሚጮኸው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ነው። በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው፤ መንጋውን የምትመራው ደግሞ ሴቷ ናት። በሰውነትም ከወንዱ ትበልጣለች። ሲመሽ ግን መንጋው አብሮ አይሄድም፤ እየተበታተነ ምግብ ይፈልጋል። አንዱ ወደ ወንዙ፣ ሌላው ወደ ገንዳው፣ ሌላው ወደ ጫካው ይወጣል። ታዲያ በጨለማ እንዴት ይገናኙ? በድምፅ ነዋ።

ያ ከዝቅታ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው «ኡ...ዉፕ» የሚመስለው ጩኸት መጠራሪያቸው ነው። ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። የእያንዳንዱ ጅብ ድምፅ ደግሞ ይለያያል፤ እናት የልጇን ለይታ ታውቃለች። «እኔ እዚህ ነኝ፤ አንተስ?» እንደ መባባል ነው። ሳቅ የሚመስለው ሌላው ድምፅ ደግሞ ደስታ አይደለም። ጠንከር ያለ ጅብ ሲያባርረው ወይም ምግብ ሲነጥቀው የተጨነቀ ጅብ የሚያሰማው ነው።

ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ጩኸቱ ጥቃት አይደለም። ጅቡ ሲጮኽ «መጣሁባችሁ» ማለቱ አይደለም። ኮረብታ ማዶ ያለ ጅብ በራችን ላይ የቆመ መስሎ ሊሰማን ይችላል። አጥር ለአጥር ምግብ እያሸተተ የሚሄደው ጅብ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሌሊት ጩኸት ስትሰሙ ልጆቻችሁን አረጋጉ፤ በሰላም ተኙ።

ደግሜ ልበል፤ ጩኸቱ መጠራሪያ ነው። የሚያሳስበን ጩኸቱ ሳይሆን ጅቡን ወደ በራችን ያመጣው ነገር ነው።

(አጭር ፋታ)

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን፤ ጅቡን ማን ጠራው?

እንጦጦን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት ከተማቸው እዚያ ላይ ነበር። አገር በቀሉ ጫካ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ ሲያልቅ፣ በዚያው ዘመን ባሕር ዛፍ ገባና ተራራውን ሸፈነው። ዛሬ ያ ጫካ ለድኩላውም፣ ለጃርቱም፣ ለጅቡም መጠለያ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ብዙ የከተማ ሰው ተራራውን በአዲስ ዓይን ማየት ጀመረ። ጅቡ ግን ቀድሞም እዚያው ነበር።

ከተራራው የሚወርዱትን ወንዞችና ፈፋዎች ደግሞ ተመልከቱ። ቀበና ከእንጦጦ ይነሣል፤ በሰፈሮች መካከል ሰንጥቆ ወደ መሐል ከተማ ይወርዳል። ለእኛ ፈፋው ቆሻሻ የምንጥልበት፣ ከኋላችን ያለ ገደል ነው። ለጅቡ ግን ሰው የማያይበት፣ መብራት የሌለበት፣ ከጫካው እስከ ከተማው የሚያደርስ አውራ ጎዳና ነው።

ባለፉት ዓመታት ቤታችን ወደ ተራራው ወጣ። ከፈፋው አፋፍ ላይ ሠራን። በመንገዱ ዳር ሰፈርንበት ማለት ነው። ከሰፈርን በኋላስ በዚያ መንገድ ላይ ምን አስቀመጥንለት? ሥጋና አጥንት።

እስቲ ነገ ጠዋት አንድ ነገር ተመልከቱ። ከቤታችሁ ጀርባ ባለው ፈፋ ወይም ወንዝ ዳር፣ እንደ ኖራ የነጣ፣ ሲደርቅ የሚፈረፈር የእንስሳ ዓይነ ምድር ታያላችሁ? የጅብ ነው። የሚነጣው በበላው አጥንት ምክንያት ነው፤ ጅብ አጥንቱን ሰባብሮ ይውጠዋል፣ ሆዱም ይፈጨዋል። ጅቦች ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው የመጸዳዳት ልማድ አላቸው። እና ነጭ ነጩ በአንድ ሥፍራ ተከማችቶ ካያችሁ፣ እዚያ ጋ የጅቦቹ መንገድ ያልፋል። ልጆች በመሸ ጊዜ በዚያ በኩል እንዳይሄዱ ንገሯቸው፤ ቆሻሻም በዚያ በኩል አትጣሉ።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አሁን ወደ ትግራይ ወሰድ ላድርጋችሁ።

ጅብ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ካጠኑ ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ግደይ ይርጋ ናቸው። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት አንድ የሚደንቅ ጥያቄ አነሡ። ሕዝቡ ሁዳዴን ሲጾም፣ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ሳይበላ ሲቀር፣ ጅቡ ምን ይበላል?

እንዴት አወቁት? ያንኑ ነጭ ዓይነ ምድር ሰበሰቡ። ውስጡ የቀረውን ፀጉር ለይተው መረመሩ፤ የበግ ነው፣ የፍየል ነው፣ የአህያ ነው፣ ብለው። ውጤቱን ስሙ። በጾሙ ወራት የአህያ ፀጉር በጣም ጨመረ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ቀነሰ።

ምን ማለት ነው? ሰው ሲጾም ከየቤቱና ከየሥጋ ቤቱ የሚወጣው ትርፍራፊ ይጠፋል፤ ጅቡ ደግሞ የማይጾም ነውና በሕይወት ያለ እንስሳ ማደን ይጀምራል። ሲፈሰክ ወደ ትርፍራፊው ይመለሳል። ጅቡ ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ የእኛን ማዕድ ግን ያውቃል።

ሁለተኛውን ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግደይ ይርጋ ያሉበት ሌላ ቡድን በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች ከሚጣለው የእንስሳ ተረፈ ምርትና ሬሳ በዓመት ምን ያህል እንደሚያነሡ አሰላ። ከ2,000 ኩንታል በላይ ሆነ! ያ ሁሉ በየሜዳው ቢበሰብስ ኖሮ አባ ሰንጋና የከብት ነቀርሳ ወደ ሰውም ወደ ከብትም ይተላለፍ ነበር። ጅቦቹ ይህን በሽታ ይቀንሳሉ ብለው ተመራማሪዎቹ ጻፉ።

እንግዲህ ጅብ ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ? እኔ እንዲህ ነው የማየው፤ ሥራ ያለው ጎረቤት ነው። ሥራውን በጫካውና በሜዳው ይሥራ። በእኛ በር ላይ እንዲሠራ ግን ማን ጠራው?

እዚህ ላይ ሐረርን የምታነሡ አላችሁ። አውቃለሁ። በሐረር ዩሱፍ ሙሜ ሳላህ፣ ከእሳቸውም በኋላ ልጃቸው አባስ፣ ጅብ በእጅ ያጎርሳሉ። በጀጎል ግንብ ላይ ደግሞ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ያ ግን የሐረሮች የቆየ ሥርዓት ነው፤ የሚመገብበት ቦታ አለው፣ የሚመግበው ሰው የታወቀ ነው። አንዳንድ ወጣቶች ይህን አይተው በእንጦጦ መንገድ ላይ መኪና አቁመው ለጅብ ሥጋ ሲወረውሩ ይታያሉ። እባካችሁ ተዉ። ሰውንና ምግብን አንድ አድርጎ የለመደ ጅብ፣ በማግሥቱ ሥጋ ያልያዘውን ሰው ይጠጋል። ያ ሰው ደግሞ እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደዋ እናት ልትሆን ትችላለች። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተኛው በረንዳ አዳሪም ሊሆን ይችላል።

(አጭር ፋታ)

ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ስለዚህ አሁን የምናገረውን በደንብ አድምጡኝ፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። ስለ ቅርጫው እናውራ።

የፋሲካ ማግሥት ጠዋት። ሰፈሩ ተዋጥቶ በሬ ገዝቷል። ጎረምሶቹ ሸሚዛቸውን ጠቅልለው በሬውን ጣሉት። ቅጠል ተነጥፎ ሥጋው በመደብ በመደብ ይቀመጣል፤ ከሥጋው፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው፣ ከአጥንቱ ለየመደቡ እኩል እኩል ይደርሳል። ዕጣ ይወጣል። ሁሉም ድርሻውን በሳፋ ተሸክሞ፣ ተመራርቆ ወደየቤቱ ይገባል።

እሺ፤ ከዚያስ? ማንም ዕጣ ያላወጣበት ነገር ሜዳው ላይ ቀርቷል። ፈርሱ፣ ሰኮናው፣ ቀንዱ፣ የማይበላው አንጀት፣ በደም የራሰው አፈርና ቅጠል። አሁን አሁን ደግሞ ቆዳው! ድሮ ቆዳ ገዢው ገና በሬው ሳይገፈፍ በር ላይ ይቆም ነበር። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ግን በበዓል ማግሥት የበግና የበሬ ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። ያ ሁሉ ሲመሽ ወደ ፈፋው ይወረወራል። ወደ ጅቡ አውራ ጎዳና ማለት ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በእናንተ ሰፈር ቅርጫ ሲታረድ የፈርሱ ኃላፊ ማን ነው? ሥጋ የሚመድብ ሰው አለ። ገንዘብ የሚይዝ ሰው አለ። ፈርሱን የሚቀብር ሰውስ?

የዘንድሮው ቅርጫ ሲዋጣ ይህ ሰው አስቀድሞ ይመረጥ። መሬት ያለው ግቢ ካለ፣ ከብቱ ከመታረዱ በፊት ጉድጓዱ ይቆፈር፤ የአንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው፣ ከወንዝና ከውሃ ጉድጓድም ይራቅ። ፈርሱና አንጀቱ ይግባበት። አመድ ወይም ኖራ ይነስነስበት። አፈሩ ተመልሶ ይረገጥ። ከላይ ከባድ ከባድ ድንጋይ ይከመርበት፤ ጅብ አሽትቶ ይቆፍራልና በአፈር ብቻ አትመኑ። ደም የነካው መሬት ደግሞ አፈሩ ተጠርጎ አብሮ ይቀበር፤ ሲሚንቶ ከሆነ በውሃ ይታጠብ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩትስ? ለእናንተ መቆፈሪያ መሬት የለም። ቤት ለቤት ቆሻሻ ከሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች ጋር ከበዓሉ በፊት ተነጋገሩ። በዓል ነውና ቢደክሙም ይመጣሉ፤ ድካማቸውን የሚመጥን ነገር ስጧቸው። ዋናው ነገር ጀምበር ሳትጠልቅ መነሣቱ ነው። ገንዳው ሞልቶ ከሆነ ከገንዳው ሥር አታስቀምጡ፤ በማዳበሪያ ከረጢት አጥብቃችሁ ቋጥራችሁ፣ በር ባለው ቤት ውስጥ አሳድሩት። የሚሸት ነው፤ አውቃለሁ። አንድ ሌሊት ነው።

ቆዳውን ደግሞ ቢያንስ ጨው ነስንሳችሁ አጣጥፋችሁ አስቀምጡት። የሚወስደው ይገኛል። ካልተገኘም አብሮ ይቀበር። አረፋ ላይ የምታርዱ ሙስሊም አድማጮቻችንም ነገሩ ለእናንተም አንድ ነው።

ይህን እደግመዋለሁ፤ ጉድጓዱ ቀድሞ ይቆፈር፣ ሰው ቀድሞ ይመረጥ፣ ሳይመሽ ይጽዳ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን።

(ሙዚቃ፤ 10 ሰከንድ)

ለበዓል የገዛችሁት በግ ራሱ ሌላው ጉዳይ ነው። በጉን ገዝታችሁ ሁለትና ሦስት ቀን በረንዳ ላይ አሥራችሁ ታሳድሩታላችሁ አይደል? የታሠረ በግ ሌሊቱን ሲጮኽ ጅቡን ይጠራዋል፤ ታስሯልና አያመልጥም። ለእነዚያ ጥቂት ሌሊቶች ማድ ቤትም ቢሆን በር ያለው ቦታ ይደር። የጭነት አህያ ያላችሁም እንዲሁ፤ በተለይ አሁን በጾሙ ወራት። ከላይ ያነሣሁትን የትግራዩን ጥናት አስታውሱ። አርጅቷል፣ ታሟል ብሎ አህያን መንገድ ላይ መልቀቅ ደግሞ ለአህያውም ግፍ ነው፣ ለሰፈሩም ጅብ መጥራት ነው።

የቆርቆሮ አጥራችሁን ዛሬ ማታ ዙሩት። ላዩን ሳይሆን ሥሩን እዩ። ጎርፍ አፈሩን ሸርሽሮት ቆርቆሮው ከመሬት ከፍ ያለበት ቦታ ካለ፣ ጅብም ውሻም የሚገባው በእሱ ነው። ድንጋይ ደርድሩበት። ዶሮ ያላችሁ ደግሞ ሌባው ጅብ አይደለም፤ ሸለመጥማጥ ነው። እሱ ዛፍም ጣራም ይወጣል፤ ስለዚህ የዶሮ ቤታችሁ ጣራም ወለሉም የተዘጋ፣ ሽቦው ጠንካራና ዓይኑ ጠባብ ይሁን።

(አጭር ፋታ)

አሁን ደግሞ በሌሊት ለምትሄዱ።

በዚህ በጾም ወራት ገና ሳይነጋ ለኪዳን፣ ለማኅሌት ወደ ኪዳነ ምሕረት፣ ወደ ራጉኤል፣ ወደ ማርያም የምትወጡ ብዙ ናችሁ። ማለዳ ለሩጫ ወደ እንጦጦ የምትወጡም አላችሁ። ጅብ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

እንዳትሮጡ! ይህን ልድገመው፤ እንዳትሮጡ። የሚሮጥ ነገር ጅብን ያስከትላል። ቁሙ። ፊት ለፊት እዩት። እጃችሁን ወይም ነጠላችሁን ከፍ አድርጋችሁ ግዙፍ ምሰሉ። ድምፃችሁን አሰሙ። ባትሪ ካላችሁ ዓይኑ ላይ አብሩበት። ከዚያ ጀርባ ሳትሰጡ ቀስ እያላችሁ ወደ ሰው፣ ወደ መብራት ራቁ። ብዙውን ጊዜ እሱ ራሱ ቀድሞ ይሸሻል።

ለብቻ አትውጡ፤ ጎረቤት ተጠራርታችሁ ሂዱ። ሕፃን ካለ በመካከላችሁ ይሁን። ዱላና ባትሪ ይያዝ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ጅብ ሰውን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ሜዳ ላይ የተኛውን፣ ሕፃኑን፣ አቅም የሌለውን ነው። በአጥር ውስጥ የተኛን እኛ የጣልነው አጥንት ጅቡን ያመጣዋል፤ አጥር የሌለው ሰው ደግሞ ያገኘዋል። በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ በድልድይ ሥር የሚያድሩ ወገኖቻችን አጠገብ ትርፍራፊ አትጣሉ። ሰበካ ጉባኤዎች ለእነዚህ ሰዎች ቢያንስ በር ያለው አዳራሽ ቢከፍቱላቸው እንዴት ጥሩ ነበር!

(አጭር ፋታ)

ስለ ቡዳ ጥያቄ የላካችሁልን አላችሁ። አላልፈውም። ሸክላ ሠሪው፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔው በሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ወሬ በዚሁ በእንጦጦ ግርጌ፣ በቀጨኔ የሚኖሩ ባለሙያዎችን ለትውልድ አስለቅሷል። ጀበናችንን፣ ምጣዳችንን፣ ጋቢያችንን የሠሩልንን ሰዎች ማለት ነው። ጅብ ከጅብ ይወለዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ በጉድጓድ ውስጥ። ይህን ወሬ ለልጆቻችሁ አታውርሱ። አያ ጅቦን በተረት ንገሯቸው፤ ይበቃል።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አንዳንዱ ሰው «ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ መጣል ነው» ይላል። እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት።

መርዝ ያለበትን ሥጋ ጅቡ ብቻ አይበላውም። የጎረቤት ውሻ ይበላዋል። ጥንብ አንሣው ይበላዋል፤ ጥንብ አንሣዎች ደግሞ በመላው አፍሪካ እያለቁ ነው፣ ከምክንያቶቹም ዋናው ይኸው መርዝ ነው። ሕፃን ልጅም ሊነካው ይችላል። አንዱ ጅብ ቢሞት ደግሞ ቆሻሻው እዚያው እስካለ ድረስ ሌላው ይተካዋል። የዱር እንስሳን በዘፈቀደ መግደል በሕግም ያስጠይቃል። በቀን ብርሃን ሰፈር ውስጥ የሚንጎራደድ፣ ከሰው የማይሸሽ ጅብ ካያችሁ ራሳችሁ አታባርሩት፤ ለወረዳችሁና ለፖሊስ አሳውቁ፣ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዘንድ ይድረስ።

(ድምፅ፦ በኮርኒስ ላይ የአይጥ ሩጫ)

ይህን ድምፅስ ታውቁታላችሁ? ከጅቡ ይልቅ እንቅልፍ የነሣን ይሄኛው ነው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ!

አይጥም የሚመጣው ለዚያው ለትርፍራፊው ነው። ጥርሱ ዕድሜውን በሙሉ ስለሚያድግ መከርተፍ አይተውም፤ እንጨቱን፣ የመብራት ሽቦውን፣ የማዳበሪያ ከረጢቱን ይቆረጥማል። ሴቷ ካረገዘች በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ ስለዚህ ዛሬ ሁለት ናቸው ብላችሁ ችላ ያላችኋቸው ብዙም ሳይቆዩ ኮርኒሱን ይሞሉታል።

ጤፉን ከከረጢት አውጡና ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ አድርጉት። ማታ የተረፈው እንጀራ ይከደን፤ የውሻ ምግብ ውጭ አይደር። ከዚያ ቀዳዳውን ፈልጉ። አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ለአይጥ ይበቃዋል። የውሃ ቧንቧ በግድግዳ የሚገባበትን ቦታ፣ ጣራና ግድግዳ የሚገናኙበትን ጥግ፣ የበሩን ሥር እዩ። ድስት የምትፈትጉበትን ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ድፈኑት፤ ጨርቅ ብትወትፉበት ቆርጥሞ ይገባል።

ወጥመድ ስታስቀምጡ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አይጥ አዲስ ነገር ይፈራል። ወጥመዱን ግድግዳውን አስጠግታችሁ፣ ሳትጠምዱት፣ ምግብ ብቻ አድርጋችሁ ጥቂት ሌሊት አሳድሩት። ለምዶት መብላት ሲጀምር ያን ጊዜ ጥመዱት።

በድምፅ ማጉያ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የቁንጫ ማጥፊያ» እየተባለ መንገድ ላይ የሚሸጠውን፣ ምን እንደሆነ ያልተጻፈበትን ብልቃጥ ግን ቤታችሁ አታስገቡ። በተለይ ልጅ ካለ። የተመረዘውን አይጥ ድመታችሁ በልታው ብትሞት ደግሞ አይጥ ጠባቂያችሁን አጣችሁ ማለት ነው።

(ድምፅ፦ የጋጋኖ ጩኸት፤ ማለዳ)

ጎህ ሲቀድ በጣራችን ላይ በመንጋ እየጮኹ የሚያልፉትን ጋጋኖዎች ግን ተዉአቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም የትም አይገኙም። የሣር ሜዳችሁን በረጅም ምንቃራቸው እየወጉ ትል ይለቅማሉ። ጩኸታቸው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለሥራ ከቀሰቀሷችሁ አመስግኗቸው።

(አጭር ፋታ)

የመጨረሻው ስለ ውሻ ነው። ከሁሉ አብልጬ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

ትርፍራፊው ጅብና አይጥ ብቻ አይሰበስብም፤ ባለቤት የሌላቸውንም ውሾች ይሰበስባል። በአገራችን በእብድ ውሻ በሽታ ሰው ይሞታል። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከመጀመሩ በፊት ግን ማዳን ይቻላል። ስለዚህ ውሻ፣ ድመት ወይም ጅብ ቢነክሳችሁ፣ ቢቧጭራችሁም እንኳ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

ውሃና ሳሙና! ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ውሃ ከሌለ ከጎረቤት ጀሪካን ተቀበሉ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ክትባቱ ያለበትን ቦታ እነሱ ይነግሯችኋል። ቅጠል አትጨምቁበት፣ ቡናና አመድ አታድርጉበት፣ «ትንሽ ናት፣ ይሽርልኛል» አትበሉ። በሽታው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ይቆያል። ክትባቱ ተሽሎኛል ተብሎ ከመሐል አይቋረጥም።

ልጆቻችሁን ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። «ውሻ ቢነክስህ ለማን ትናገራለህ?» በሏቸው። ልጅ ድንጋይ ወርውሮ ከተነከሰ፣ እገረፋለሁ ብሎ ይደብቃል። «አትገረፍም፤ ብቻ ወዲያው ንገረኝ» በሉት። የግቢያችሁን ውሻ ደግሞ በየዓመቱ አስከትቡ።

ስንት ደቂቃ አልን? 15 ደቂቃ። በምን? በውሃና በሳሙና። ከዚያስ? በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ።

በሚቀጥለው ሳምንት የፋሲካ ቅርጫ ያላችሁ ሰፈሮች የፈርሱን ጉዳይ እንዴት እንደተስማማችሁበት እንሰማለን። ጉድጓዱን ማን ይቆፍራል? ከማኅበር ልጆቹ ጋር ማን ተነጋገረ? ጻፉልን፣ ደውሉልን፤ አሠራራችሁን ለሌላው ሰፈር እናሰማለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)